ከፈውስ በኋላ የሚቀረው ጠባሳ፦ የሳንባ ነቀርሳ ታሪክ ከኢብን ሲና እስከ ዘመናችን

መግቢያ

የሳንባ ነቀርሳ ታሞ መድኃኒቱን ስድስት ወር ሙሉ ሳያቋርጥ የወሰደና በመጨረሻም «ድነሃል» ተብሎ የተሰናበተ ሰው፣ ከዓመት በኋላም ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ሊያጥረው ይችላል፤ ከሱጁድ ሲነሣ ያስለዋል፤ ክረምት በገባ ቁጥር ደረቱ ይታመማል። ጎረቤቱ «በሽታው ተመልሶበታል» ብሎ ይሸሸዋል፤ አሠሪው «ድኛለሁ ካለ ለምን አይሠራም?» ይለዋል፤ እርሱ ራሱም ጾም በገባ ጊዜ ከታመሙት ይቆጠር ወይም ከጤነኞቹ መለየት ያቅተዋል። ይህ ሰው ድኗል ወይስ አልዳነም? ጥያቄው የሐኪሞች ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚቀርበው ለመስጂዱ ኢማምና ለመድረሳው መምህር ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለጥያቄው መልስ የምንፈልገው በታሪክ ውስጥ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ዘላቂ ጉዳት በእኛ ዘመን የተገኘ አዲስ ነገር አይደለም፤ የእስልምና ዘመን ሐኪሞች ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። መድኃኒት በተገኘበት በ20ኛው መቶ ዓመት ግን ዕውቀቱ ወደ ጎን ተገፋ። ዛሬ ምርምሩ ወደዚያው ጥያቄ ተመልሷል። ይህን ጉዞ በአጭሩ እንከተላለን፤ በመጨረሻም ለመምህራንና ለኢማሞች ምን ትርጉም እንዳለው እንመለከታለን። ሂጅራ ተብሎ ካልተገለጸ በስተቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኢብን ሲና ምልከታ

በቡኻራ አቅራቢያ በ980 (370 ሂጅራ) የተወለደው አቡ ዐሊ አል-ሑሰይን ኢብን ሲና «አል-ቃኑን ፊ አጥ-ጢብ» የተባለውን ታላቅ የሕክምና ሥራውን ያጠናቀቀው በ1025 ገደማ ነበር። ከአምስቱ መጻሕፍት ሦስተኛው የሰውን አካል ከራስ እስከ እግር እየተከተለ የእያንዳንዱን ብልት ሕመም ይዘረዝራል፤ በሳንባ ክፍል ውስጥም ዐረቦች «አስ-ሲል» ለሚሉት በሽታ ሰፊ ቦታ ይሰጣል። ስሙ መመንመንንና መክሳትን ያመለክታል። ኢብን ሲና በሽታውን የሳንባ ቁስል አድርጎ ያየዋል፤ ምልክቶቹም ዝግ ያለ ግን የማይለቅ ትኩሳት፣ የቆየ ሳል፣ መግል ወይም ደም የተቀላቀለበት አክታ፣ የሰውነት መክሳትና የጥፍር መታጠፍ ናቸው። የኖረው ተህዋስን የሚያሳይ መሣሪያ ከመገኘቱ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው፤ እንዲያም ሆኖ የዘመናችን ጤና ባለሙያ ይህን ዝርዝር ቢያነብ በሽታውን ለመለየት አይቸገርም።

ለእኛ ርእስ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ስለ መዳን ያቀረበው ክርክር ነው። በእርሱ ዘመን ሐኪሞች የሳንባ ቁስል ይድናል ወይስ አይድንም በሚለው ላይ ይለያዩ ነበር። አንዳንዶቹ ጨርሶ አይድንም ይሉ ነበር፤ ምክንያታቸውም ቁስል እንዲገጥም ዕረፍት ያስፈልገዋል፣ ሳንባ ደግሞ ከመተንፈስ አያርፍም የሚል ነው። ግሪካዊው ጋሌኖስ በበኩሉ እንቅስቃሴ ብቻውን መዳንን አይከለክልም፣ ሌላ ምክንያት ካልተጨመረበት በስተቀር የሚል አስተያየት ነበረው። ኢብን ሲና ሁለቱንም ካቀረበ በኋላ ከገዛ ልምዱ ይጨምራል። ከበሽታው ጋር ሃያ ሦስት ዓመት ያህል የኖረች ሴት ማየቱን ይመሰክራል። ስለ ሌላዋ ሴት የሚተርከው ደግሞ ሕመሙ ጠንቶባት፣ የቀብር ዝግጅት የሚያሰናዳ ሰው ሳይቀር ተጠርቶላት እንደነበር ነው። ወንድሟ ግን ከራስጌዋ ሳይለይ ከጽጌረዳ አበባና ከስኳር የሚሠራውን መድኃኒት ለረዥም ጊዜ ሰጣት፤ ድናም ሥጋ ለበሰች። የወሰደችውን መጠን ግን ኢብን ሲና ከመጻፍ ይቆጠባል፤ ቢጽፈው ሐሰተኛ እንዳይባል ሰግቷል።

ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች አንድ ቁም ነገር እናገኛለን። ለኢብን ሲና «መታመም» እና «መዳን» በአንድ መስመር የተለዩ ሁለት ክፍሎች አልነበሩም። በመካከላቸው ሰው ለብዙ ዓመታት ሊኖርበት የሚችል ሰፊ ስፍራ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት የኖረችው ሴት አልሞተችም፤ ጤነኛም አልነበረችም። ሐኪሙ ደግሞ እርሷን በመጽሐፉ ውስጥ ሊያስቀምጣት የሚገባ አስረጅ ሆና አግኝቷታል።

ስለ መተላለፍ፣ ስለ አየርና ስለ ወቅፍ

በዚሁ መጽሐፍ የመጀመሪያ ክፍል ኢብን ሲና ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎችን ሲቆጥር አስ-ሲልን ከእነርሱ ጋር ይጠቅሳል። መተላለፉ የሚብሰው መኖሪያው ጠባብ ሲሆንና ጎረቤቱ ነፋሱ ወደሚነፍስበት አቅጣጫ ሲቀመጥ እንደሆነም ያመለክታል። ከወላጅ ወደ ልጅ ይወረሳሉ ከሚላቸው መካከልም ያስገባዋል፤ ይህኛው አስተያየት በኋላ ዘመን ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል። ሆኖም በአንድ ቤት አየር የሚጋሩ ቤተሰቦች ተከታትለው ሲታመሙ ያየ ሰው ዝምድናን ምክንያት አድርጎ ቢያስብ አያስደንቅም።

የመተላለፍ ጉዳይ በዑለማዎች ዘንድም ሰፊ ውይይት የተደረገበት ነው። በሽታ በራሱ ኃይል አይተላለፍም የሚል ትርጉም ያለው ሐዲስ አለ፤ የታመመውን ከጤነኛው ጋር አትቀላቅሉ የሚል መልእክት ያለውም አለ። ብዙ ዑለማዎች ሁለቱን ያስታረቁት፣ በሽታ ከአላህ ፈቃድ ውጪ በራሱ ሥልጣን አይሠራም፣ ይሁን እንጂ አላህ መቀላቀልን ሰበብ ሊያደርገው ይችላል በማለት ነው። የግራናዳው ሊሳን አድ-ዲን ኢብን አል-ኸጢብ ደግሞ በ14ኛው መቶ ዓመት ስለ ታላቁ ወረርሽኝ በጻፈው መልእክት፣ መተላለፍ በልምድና በዓይን ምስክርነት የተረጋገጠ መሆኑን አጥብቆ ተከራክሯል።

ስለ ሳንባ ሥራ ያለው ዕውቀትም በዚሁ ዘመን ወደፊት ተራመደ። በደማስቆ ሕክምናን ተምሮ በካይሮ የሠራው ዐላእ አድ-ዲን ኢብን አን-ነፊስ (በ687 ሂጅራ፣ በ1288 ያረፈ) በ1242 ገደማ በአል-ቃኑን የሰውነት አወቃቀር ክፍል ላይ በጻፈው ሐተታ፣ ደም ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ሳንባ ሄዶ፣ በዚያ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ወደ ግራው ክፍል እንደሚመለስ ገለጸ። ጋሌኖስና ኢብን ሲና ደሙ በልብ መካከለኛ ግድግዳ በኩል ያልፋል ይሉ ነበር፤ ኢብን አን-ነፊስ ግን በግድግዳው ላይ እንዲህ ያለ መተላለፊያ የለም አለ። ግብጻዊው ሐኪም ሙሕዪ አድ-ዲን አት-ተጣዊ በ1924 በበርሊን ቤተ መጻሕፍት የእጅ ጽሑፉን እስኪያገኘው ድረስ ይህ ሐተታ በሰፊው አይታወቅም ነበር። ሳንባ የደምና የአየር መገናኛ መሆኑን የተረዳ ሰው፣ የተጠበሰ ሳንባ ለምን መላ አካልን እንደሚያደክም ለመረዳት ይቀርበዋል።

ስለ ሌሎች የሳንባ ሕመሞችም ዐረብኛ ሰፊ ጽሑፍ ነበረው። በካይሮ የኖረው አይሁዳዊው ሐኪም ሙሳ ኢብን መይሙን በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ስለ አስም በዐረብኛ አንድ ድርሳን ጽፏል፤ በውስጡም ከመድኃኒት ይልቅ ለምግብ፣ ለእንቅልፍና ለንጹሕ አየር ከፍ ያለ ቦታ ሰጥቷል። የከተማ አየር በጠባብ መንገዶች፣ በቆሻሻና በጭስ ምክንያት ከገጠር አየር የከፋ መሆኑንም አስጠንቅቋል።

በሽተኛው ከዳነ በኋላ ምን ይሆናል የሚለውን ጥያቄ ግን ከሐኪሞቹ ባልተናነሰ ያነሡት የወቅፍ ባለቤቶች ናቸው። ሱልጣን ቀላውን በ1284 (683 ሂጅራ) በካይሮ የመሠረተው አል-መንሱሪ ሆስፒታል ለሀብታምና ለድኻ፣ ለወንድና ለሴት፣ ለነዋሪና ለእንግዳ ክፍት ነበር። ድኖ ለሚወጣ ሰው ልብስ እንዲሰጥ፣ ለሚሞትም የቀብር ወጪ እንዲሸፈን በወቅፉ ተደንግጎ ነበር። ድንጋጌው ቀላል ይመስላል፤ የያዘው ሐሳብ ግን ከባድ ነው። ከሆስፒታል በር የወጣ ሰው ገና ወደ ሥራውና ወደ ጉልበቱ አልተመለሰም። ሕክምናው ቢያበቃም የማኅበረሰቡ ኃላፊነት አያበቃም።

ከዕረፍት ወደ መድኃኒት

በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ከተሞች በፋብሪካ ሠራተኞች ሲጨናነቁ የሳንባ ነቀርሳ እጅግ ተስፋፋ። ፈረንሳዊው ዣን አንቷን ቪልማን በ1865 በሽታው ወደ እንስሳት ሊተላለፍ እንደሚችል በሙከራ አሳየ። ሮበርት ኮህም መጋቢት 24 ቀን 1882 በበርሊን የበሽታው ምክንያት የሆነውን ባክቴሪያ ማግኘቱን አስታወቀ። በዘር ይወረሳል የሚለው አሮጌ አስተያየት በዚህ ወደቀ።

በዚያው በ1882 ጣሊያናዊው ካርሎ ፎርላኒኒ አንድ ሐሳብ አቀረበ። በደረት ግድግዳና በሳንባ መካከል አየር በመርፌ ቢገባ ሳንባው ተጨፍልቆ ያርፋል፤ ያረፈ ቁስልም ይገጥማል አለ። ሐሳቡ ኢብን ሲና ከመዘገበው ክርክር ጋር አንድ መሠረት እንዳለው አንባቢ ልብ ይሏል፤ ሁለቱም ሳንባ ካላረፈ ቁስሉ አይድንም ከሚለው ነጥብ ይነሣሉ። የተራራ ላይ ማረፊያ ቤቶችም የተስፋፉት በዚሁ የዕረፍት እምነት ነበር። ከዚያም አልፎ ሐኪሞች የደረቱ ግድግዳ እንዲገባና ሳንባው እንዲጨፈለቅ የጎድን አጥንቶችን እስከ ማውጣት ደረሱ። ብዙዎች በዚህ ሕክምና ሕይወታቸው ተረፈ፤ ነገር ግን ቀሪ ዘመናቸውን በተጎበጠ ትከሻና በግማሽ ትንፋሽ ኖሩ።

ታላቁ ለውጥ የመጣው በ1943 በአሜሪካ ስትሬፕቶማይሲን ሲገኝ ነው። በ1948 የታተመው የብሪታንያ ጥናት መድኃኒቱ በእርግጥ እንደሚሠራ አረጋገጠ፤ ብቻውን ሲሰጥ ግን ባክቴሪያው እንደሚለምደው አብሮ አሳየ። በ1952 አይሶኒያዚድ ተጨመረ፤ በ1960ዎቹም ሪፋምፒሲን ተከተለ። በሕንድ ማድራስ ከ1956 ጀምሮ የተካሄደው ጥናት መድኃኒቱን በቤታቸው የወሰዱ ድኾች በማረፊያ ቤት ከተኙት ጋር ተቀራራቢ ውጤት እንዳገኙ አስመሰከረ። ከ1970 ጀምሮ በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በታንዛንያና በዛምቢያ የተደረጉት ጥናቶች ደግሞ ሕክምናውን ወደ ስድስት ወር ለማሳጠር መንገድ ከፈቱ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት የስድስት ወር ሕክምና ከምሥራቅ አፍሪካ ሕሙማን ትዕግሥት የተገኘ ፍሬ ነው ማለት እንችላለን።

በአገራችንም ታሪኩ ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ዳገት ላይ የተከፈተው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ማረፊያ ነበር። በ1992 በአርሲና በቢሾፍቱ መድኃኒቱን በጤና ባለሙያ ዓይን ፊት የማስዋጥ አሠራር በሙከራ ተጀመረ፤ ከዚያም ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዳረሰ። ከ2003 ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ሲሰማሩ ሕክምናው ወደ ሕመምተኛው ደጅ ቀረበ።

የተረሳው ጥያቄ

መድኃኒቱ ሲገኝ «መዳን» አዲስ ፍቺ ተሰጠው። በሕክምናው መጨረሻ አክታው ሲመረመር ባክቴሪያ ያልተገኘበት ሰው ዳነ ተብሎ ተመዘገበ። ፍቺው ለወረርሽኝ ቁጥጥር እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ይህ ሰው በሽታውን ለሌላው አያስተላልፍምና። ሆኖም የሚናገረው ስለ ባክቴሪያው ነው፤ ስለ ሳንባው አይደለም።

ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላ በሳንባው ውስጥ የሚቀረው ብዙ ነው። የተበላው ሥጋ በጠባሳ ይተካል፤ ጠባሳ ደግሞ እንደ ሳንባ ሥጋ አይለጠጥም። የአየር ቧንቧዎች ያለ ልክ ይሰፋሉ፤ አክታ ይጠራቀምባቸዋል፣ በየጊዜውም ያመረቅዛሉ። ባዶ በቀሩ ጉድጓዶች ውስጥ አስፐርጊለስ የሚባለው ሻጋታ ሊበቅል ይችላል፤ አንዳንዴም ደም ያስተፋል። ጉዳቱ ሲበዛ ልብ በተጠበሰው ሳንባ ውስጥ ደም ለማሳለፍ ከአቅሙ በላይ ይሠራል፤ ይደክማልም። ይህን ሁሉ የሚያመጣው የሚሠራ በሽታ ሳይሆን አልፎ የሄደ በሽታ የተወው ፍርስራሽ ነው።

የጉዳቱን ስፋት ያሳዩት በቅርብ ዘመን የተደረጉ ጥናቶች ናቸው። በ2000 የታተመ ከ27,000 በላይ የደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ሠራተኞችን የመረመረ ጥናት፣ አንድ ጊዜ ከታመሙት 18 በመቶ ያህሉ፣ ሁለት ጊዜ ከታመሙት 27 በመቶ ያህሉ፣ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከታመሙት ደግሞ 35 በመቶ ያህሉ ሥር የሰደደ የትንፋሽ እጥረት እንደቀረባቸው አገኘ። እነዚህ ሠራተኞች የድንጋይ ብናኝ በሚያመጣው ሲሊኮሲስም የሚጠቁ ስለሆኑ ሁለቱ ሕመሞች ይደራረቡባቸዋል። በማላዊ ብላንታየር 400 ያህል ሕሙማን ሕክምናቸውን ሲፈጽሙ በተደረገ ምርመራ፣ ከሦስት አንዱ ያህል የትንፋሽ መለኪያ ውጤቱ ከጤናማው በታች ሆነ፤ 44 በመቶ ያህሉ የአየር ቧንቧቸው ሰፍቶ ተገኘ። በ2019 የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር ደግሞ ከሳንባ ነቀርሳ የዳኑ ሰዎች የመሞት መጠን ካልታመሙት ጋር ሲነጻጸር ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚጠጋ አመለከተ። በዚያው ዓመት በደቡብ አፍሪካ ስቴለንቦሽ ተመራማሪዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ብቻ ያተኮረ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጉባኤ አካሄዱ። ከ1980 እስከ 2019 ታመው ከተረፉት መካከል በ2020 በሕይወት የነበሩት 155 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ተገምቷል።

ኢብን ሲና ያያት የሃያ ሦስት ዓመት በሽተኛ እንግዲህ ብቻዋን አይደለችም።

ለመምህራንና ለኢማሞች

ከዚህ ታሪክ ለአገልግሎታችን የሚጠቅሙ አራት ነጥቦችን እናወጣለን።

አንደኛው የጀማዓው ፍርሃት ነው። ሕክምናውን የጨረሰና አክታው የጠራ ሰው ቢያስልም በሽታ አያስተላልፍም። የቆየ ሳል ሲብስ፣ ትኩሳትና መክሳት ሲጨመርበት፣ ወይም ደም ሲታይበት እንደገና መመርመር አለበት፤ በሽታው ሊመለስ ይችላልና። ሳሉን ብቻ አይቶ ከሰፍ ማራቅ ግን ሐዲሱ ካዘዘው ጥንቃቄ ጋር አይገናኝም። በአማርኛ «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ለካንሰርም መነገሩ ፍርሃቱን ያባብሰዋልና መምህር ልዩነቱን ቢያስረዳ መልካም ነው። በሌላ በኩል ገና ያልታከመ ወይም ሕክምና የጀመረ ሰው ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ከተዘጋ ስፍራ መራቁ ጀማዓውን መጠበቅ ነው፤ በዚህም አያፍርም፣ አይወቀስም።

ሁለተኛው የዒባዳ ጉዳይ ነው። ዒምራን ኢብን ሑሰይን (ረ.ዐ.) ስለ ሕመሙ በጠየቀ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መቆም ላልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ላልቻለ በጎኑ ተኝቶ መስገድን እንደፈቀዱለት በቡኻሪ ተዘግቧል። ይህ ፈቃድ ትንፋሹ ለሚያጥረውም ይሆናል። በጾም ግን ጉዳዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቁርኣን ለታመመ ሰው በሌሎች ቀናት እንዲያወጣ ፈቅዷል፤ ዑለማዎችም ይድናል ተብሎ በሚጠበቅና በማይጠበቅ ሕመም መካከል ለይተው፣ ለፊተኛው ቀዷእን፣ ለኋለኛው ፊድያን ወስነዋል። በሕክምና ላይ ያለ ሰው ከፊተኛው ወገን ነው። ሳንባው ለዘለቄታው የተጎዳ ሰውስ? መዝገቡ «ድኗል» ይላል፤ አካሉ ግን የማይድን ጠባሳ ተሸክሟል። ፉቀሃዎች በእንዲህ ያለ ጊዜ በታማኝ ሐኪም ምስክርነት ሲመሩ ኖረዋል። ስለዚህ ኢማሙ የሚጠይቀው «ባክቴሪያው ጠፍቷል ወይ?» ብሎ ብቻ ሊሆን አይገባም፤ «ሳንባው ጾምን ይችላል ወይ? ወደፊትስ ይሻሻላል ወይ?» የሚለውም መጠየቅ አለበት። ፈትዋው በዚህ መልስ ላይ ይቆማልና።

ሦስተኛው መድኃኒትን አለማቋረጥ ነው። አላህ መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለ የሚያስተምረው ሐዲስ ታከሙ የሚል ትእዛዝም አለው። ሳሉ በሁለተኛው ወር ስለቀነሰ፣ ወይም ረመዷን ስለገባ መድኃኒቱን የሚተው ሰው በሽታው ተመልሶ ይጠነክርበታል። በማዕድን ሠራተኞቹ ላይ እንደታየው ደግሞ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሕመም ሌላ ጠባሳ ይጨምራል። ፈጥኖ መመርመርና ጀምሮ መጨረስ የወደፊት ትንፋሽን ማትረፍ ነው። ምጣዱ በእንጨት በሚነድበት ጠባብ ማድ ቤት የሚታፈነው ጭስና ትምባሆም የተጎዳውን ሳንባ ይበልጥ ይጎዳሉና ቤተሰቡን ማስተማር ከዚሁ ይቆጠራል።

አራተኛው የወቅፍ ትርጉም ነው። የሳንባ ነቀርሳ ብዙውን ጊዜ የሚያጠቃው ሠርቶ የሚያድረውን ወገን ነው። መድኃኒቱ በነፃ ቢሰጥም የጠፋው የሥራ ጊዜና ያልተመለሰው ጉልበት ዋጋ አላቸው። ሸክም ይሸከም የነበረ ሰው ከሕመሙ በኋላ ሸክሙን ካልቻለ ሌላ ሙያ፣ ሌላም መነሻ ያስፈልገዋል። የዘካና የሰደቃ ኮሚቴዎቻችን በሽተኛውን ሲተኛ ይጠይቁታል፤ ሲነሣ ግን ይረሱታል። የአል-መንሱሪ ወቅፍ ድኖ ለሚወጣው ልብስ ያዘጋጀው ይህን በመረዳት ነበር። በእኛ ዘመን የሚያስፈልገው ልብስ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ለትንፋሽ ምርመራ የመጓጓዣ ገንዘብ፣ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ፣ ወይም የአንድ ዓመት የቤት ኪራይ ሊሆን ይችላል። መጠኑን እያንዳንዱ ጀማዓ እንደ አቅሙ ይወስናል፤ በሐኪሙ መዝገብ ላይ «ዳነ» ተብሎ የተጻፈው ሰው ግን ከእንክብካቤ ዝርዝሩ መሰረዝ የለበትም።